ደሴና ኮምቦልቻ ለምትማሩ፦ ኮሚዩኒቲ ሰርቪስ ከፎቶ እንዲያልፍ

ዩኒቨርሲቲ ከማስተማርና ከምርምር ሌላ ሶስተኛ ስራው ማህበረሰብ አገልግሎት ነው፣ ቢሮ አለው ክበብ አለው፣ ግን ብዙ ጊዜ ቲሸርት ይታተማል፣ ባነር ይያዛል፣ ቅዳሜ ጠዋት መንገድ ይጠረጋል፣ ፎቶ ተነስተን እንበተናለን፣ ሰኞ መንገዱ እንደድሮው ነው።

እኛም አንድ ክረምት ጦሳ ተራራ ላይ ችግኝ ተከልን ብለን ጉድ ሆነናል። ጉድጓዱን የዛኑ ቀን ነው የቆፈርነው፣ ከኛ ውስጥ ፕላስቲኩን ሳያወልቅ የተከለም ነበር (ስም አልጠራም 😄)፣ ህዳር ላይ ስንሄድ ግማሹን ፍየል በልቶታል ግማሹ ደርቋል። ጉድጓድ ቀድሞ ነው የሚቆፈረው፣ ፕላስቲኩ ይወልቃል፣ ከሁሉ በፊት ግን በበጋ ማን ውሃ ያጠጣል ማን ይጠብቃል የሚለውን ከሰፈሩ ሰው ጋር ተነጋገሩ።

ለዚህ ነው መጀመሪያ ቅሬ (የሰፈሩ እድር) ሂዱ የምለው። ከቢሮ የትብብር ደብዳቤ ይዛችሁ የቅሬውን ዳኛ ማለትም መሪውን አግኙና ምን ቸገራችሁ ብላችሁ ጠይቁ፣ እቅድ ጨርሳችሁ አትሂዱ። እኛን አንድ አባት "ልጆቼ መንገዱን እኛም እንጠርገዋለን፣ የልጅ ልጄን ሂሳብ ማን ያሳየው?" አሉን፣ በቃ ከዛ በኋላ መጥረጊያውን ትተን ቅዳሜ ቅዳሜ የ8ኛ ክፍል ልጆች ማስጠናት ጀመርን።

ቀጥሎ የምትችሉትን ምረጡ። አካውንቲንግ ከሆናችሁ የቅሬው ገቢና ወጪ በአንድ ደብተር ተደባልቆ ታገኙታላችሁ፣ እሱን ማስተካከል ብቻ ትልቅ ስራ ነው። ህግ ተማሪ በመምህር ክትትል ለድሃ በነፃ አቤቱታ ይፅፋል፣ ጤናዎች ከሱፐርቫይዘር ጋር የደም ግፊት ይለካሉ፣ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ያላችሁ ደግሞ የተበላሸ ኮምፒውተር የተቆለለበት ትምህርት ቤት ፈልጉ። ኮምቦልቻ ያለ እዛው ኮምቦልቻ ይስራ፣ በየሳምንቱ ወደ ደሴ የሀረጎን ዳገት መውጣት የትራንስፖርት ብር ይጨርሳል፣ ሰውም አንድ በአንድ ይቀራል።

ፈተና ሲደርስ ሁሉም ይጠፋል፣ ስለዚህ ለአንድ የልጆች ቡድን ሁለት ተማሪ መድቡ፣ ሚድ ሲሆን ደግሞ ለልጆቹ ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ሳትነግሯቸው ቀርታችሁ በር ላይ ቆመው ከጠበቋችሁ በሚቀጥለው ሳምንት አይመጡም።

ግዴታ ይሁን ወይስ በፈቃድ የሚለው ክርክር የቆየ ነው፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ (የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ) ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው ሳይመረቅ አንድ አመት ጠቅላይ ግዛት ወጥቶ እንዲያገለግል ያደርግ ነበር፣ አብዛኛው አስተማሪ ሆኖ ነው የሄደው። እኔ በግሌ ግዴታም ቢሆን አልጠላም፣ ግን መምህራን እባካችሁ አቴንዳንስ ብቻ እያያችሁ ሰርተፍኬት አትስጡ። ከኮርሱ ጋር አያይዙት፣ ተማሪው ያየውን ግማሽ ገፅ ይፃፍ፣ ከዛ ክፍል ውስጥ ሰላሳ ደቂቃ አውሩበት፣ ቤት ለቤት ሄዶ የመጣ ልጅ ለምን እንደዛ ሆነ ብሎ የሚጠይቀው ያኔ ነው።

ፎቶ ማንሳት ካለባችሁ ሰውየውን አስፈቅዱ፣ በተለይ የአቅመ ደካማ ቤት ስታድሱ፣ እማማን ጭቃ ቤታቸው በር ላይ አቁሞ ፖስት ማድረግ ነውር ነው።

ተመራቂዎች ደግሞ ደብተሩን ማለትም የልጆቹን ስም፣ የት ምዕራፍ እንደደረሱ፣ የዳኛውን ስልክ ለሁለተኛ አመቶች ከፋይናል በፊት አስረክቡ፣ ከፋይናል በኋላ ማንንም አታገኙም።