የክብ እንቅስቃሴ ጥያቄ መልሱ አልመጣ ሲል

በአንድ ዓይነት ፍጥነት በክብ ስለሚዞር ነገር የሚወጡ የፎርስ ጥያቄዎች ሂሳባቸው ቀላል ነው። ፎርሙላው አንድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፦ ኤም ቪ ስኩዌር ሲካፈል ለአር (ኤም ማስ፣ ቪ ፍጥነት፣ አር የክቡ ራዲየስ)። ተማሪ የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ ሥዕሉ ላይ ነው። ስለዚህ መልሳችሁ ከምርጫዎቹ ጋር አልገጥም ካለ፣ ካልኩሌተሩን ከመጠርጠራችሁ በፊት ሥዕሉን መርምሩ። ግራቪቲን (ጂን) 10 አድርገን እንሂድ።

ችግር፦ መልሱ እጥፍ ሆነ፣ ወይም ፎርሶቹ ተጣፍተው ዜሮ መጣ

ሥዕሉን እዩት። «ሴንትሪፔታል ፎርስ» የሚል ቀስት አለበት? ዋናው በሽታ እሱ ነው። ሴንትሪፔታል ፎርስ እንደ ክብደት ወይም እንደ ቴንሽን (የገመድ ስበት) ራሱን የቻለ ፎርስ አይደለም። እውነተኞቹ ፎርሶች ተደምረው ወደ መሃል የሚተርፈው ነው።

መፍትሄው ለእያንዳንዱ ቀስት «የሚስበው ወይም የሚገፋው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ገመድ ከሆነ ቴንሽን። አስፋልት ከሆነ ኖርማል (ከገጹ ቀጥ ብሎ የሚገፋው) ወይም ፍሪክሽን (በገጹ አቅጣጫ መንሸራተትን የሚከለክለው)። መሬት ከሆነች ክብደት። ባለቤት ያጣ ቀስት ይሰረዝ።

ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደውን የዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ መንገድ አስቡ። አንዱን ኩርባ ሜዳ ነው እንበልና ራዲየሱን 50 ሜትር እናድርገው። 1000 ኪሎ ግራም መኪና በሴኮንድ 10 ሜትር እየሄደ ሲታጠፍ፣ 1000 በ100 ተባዝቶ ለ50 ሲካፈል 2000 ኒውተን ይፈልጋል። ይህን የሚሰጠው አስፋልቱ ጎማው ላይ የሚያሳርፈው ፍሪክሽን ነው። ጎኑ ላይ ሌላ 2000 ከሳላችሁ መኪናውን በ4000 ጎተታችሁት ማለት ነው።

እዚሁ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። የፍሪክሽን ኮኤፊሸንት 0.4 ነው ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው 0.4ን በመኪናው ክብደት በ10,000 አባዝቶ ፍሪክሽኑ 4000 ነው ይላል። 4000 ግን ጣሪያው ነው። ጎማው እስካልተንሸራተተ ድረስ ስታቲክ ፍሪክሽን የሚሰጠው የሚፈለገውን ያህል ብቻ ነው፤ እዚህ 2000። ጣሪያውን የምትጠቀሙት «ሳይንሸራተት ቢበዛ በስንት ፍጥነት ይታጠፋል?» ስትባሉ ነው። ያኔ ማሱ ይሰረዝና መልሱ በሴኮንድ 14 ሜትር አካባቢ፣ በሰዓት ወደ 51 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ወረቀት ላይ ሲኖትራክም ቪትዝም እኩል ናቸው። መንገድ ላይ ግን ከፍ ብሎ የተጫነ መኪና ከመንሸራተቱ በፊት ሊገለበጥ ይችላል፤ ፈተናው ይህን ስላልጠየቃችሁ እለፉት።

ችግር፦ ወደ ውጭ የሚገፋ ቀስት ተስሏል

ሚኒባስ ሲታጠፍ ወደ በሩ ስለምንጠጋ የሆነ ነገር የገፋን ይመስለናል። የገፋን የለም። ሰውነታችን ቀጥ ብሎ ሊሄድ ሲል በሩ ነው ወደ ውስጥ የሚገፋን። ስሜቱ የሚመጣው ነገሩን ከመኪናው ውስጥ ሆነን ስለምናየው ነው። ስትሥሉ ከመኪናው ውረዱና መሬት ላይ ቆማችሁ እዩት። ካላመናችሁ ወንጭፍ የሚወረውር ሰው ተመልከቱ። ድንጋዩ ሲለቀቅ የሚሄደው ከመሃል ወደ ውጭ ሳይሆን በታንጀንቱ፣ በዚያች ቅጽበት ይጓዝበት በነበረው አቅጣጫ ነው።

ችግር፦ ቴንሽኑ ኔጌቲቭ ወጣ

ወደ ላይና ወደ ታች በሚዞር ክብ ላይ የሚያጋጥም ነው። መጀመሪያ አቅጣጫችሁን አጣሩ። ምንጊዜም ወደ መሃል የሚያመለክተውን ፖዘቲቭ አድርጉ። ግማሽ ኪሎ ድንጋይ በ0.8 ሜትር ገመድ ሲዞር ፍጥነቱ በሴኮንድ 4 ሜትር ቢሆን፣ የሚፈለገው 10 ኒውተን ነው። ክብደቱ 5 ነው። ታች ላይ ክብደቱ ከመሃል ስለሚያርቅ ቴንሽኑ 15 ይሆናል። ላይ ግን ክብደቱ ራሱ ወደ መሃል ስለሚስብ ገመዱ የሚጨምረው 5 ብቻ ነው።

አቅጣጫው ትክክል ሆኖም ኔጌቲቭ ከመጣ ሂሳባችሁ አልተሳሳተም። ፍጥነቱን 2 አድርጉና ላይኛው ነጥብ ላይ ሞክሩት፦ የሚፈለገው 2.5፣ ክብደቱ 5፤ ቴንሽኑ ኔጌቲቭ 2.5። ገመድ መሳብ እንጂ መግፋት አያውቅም። ስለዚህ ድንጋዩ እዚያ ሳይደርስ ገመዱ ይላላል ማለት ነው። ላይ ለማለፍ ቢያንስ የግራቪቲና የራዲየስ ብዜት ስኩዌር ሩት ያህል ፍጥነት ያስፈልጋል፤ እዚህ 2.83 ገደማ።

ችግር፦ ያዘነበለ ኩርባ ላይ ኖርማሉ ከክብደቱ አነሰ

ፍሪክሽን የለም በተባለበት ጥያቄ ኖርማሉን ክብደት ሲባዛ በኮሳይን ብላችሁ ጽፋችኋል። ይህ ከዳገት ጥያቄ የመጣ ልማድ ነው። ዳገት ላይ ያለ ሳጥን አክሰለሬሽኑ በዳገቱ አቅጣጫ ስለሆነ አክሲሱን እናጋድላለን። እዚህ መኪናው የሚዞርበት ክብ መሃል በአግድም ነው፤ አክሰለሬሽኑም አግድም ነው። አክሲሱን አታጋድሉት። ኖርማል በኮሳይን ከክብደቱ ጋር እኩል ይሆናል፣ ኖርማል በሳይን ደግሞ ወደ መሃል ይስባል። ስታካፍሏቸው የማዘንበያው አንግል ታንጀንት ቪ ስኩዌር ሲካፈል ለአርና ለጂ ብዜት ይሆናል። ለዚያው 50 ሜትር ኩርባና ለ10 ፍጥነት 0.2 ይመጣል፤ 11 ዲግሪ ገደማ።

ችግር፦ ቁጥሩ ከልክ በላይ ገነነ

ዩኒት ነው። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር በሴኮንድ 10 ሜትር ነው፤ 36ን እንዳለ ከከተታችሁ ስኩዌሩ መልሱን 13 እጥፍ ያደርገዋል። በደቂቃ 120 ዙር ከተባለ በሴኮንድ 2 ዙር ነው፣ ከዚያ በሁለት ፓይ አባዙ። የተሰጣችሁ ዲያሜትር ከሆነም ለሁለት ማካፈል።