ለጀማሪ የሚሊንግ ማሽን ኦፕሬተርነት እንዴት መሠልጠን ይቻላል

በሌዝ ማሽን ላይ የሚዞረው የሚሠራው ብረት ሲሆን፣ በሚሊንግ ማሽን ላይ ግን መቁረጫው እየዞረ ጠረጴዛው ላይ የታሰረውን ብረት ይልጋል። ወደዚህ ሙያ የሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጓጓው መቁረጫው ብረቱን ሲነካ ለማየት ነው፤ ይሁን እንጂ የጀማሪ ሥራ በብዛት የሚበላሸው ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት፣ በአለካክና በአስተሳሰር ስሕተት ስለሆነ፣ ሥልጠናውም ከዚያው መጀመር አለበት።

የመጀመሪያው እርምጃ ንድፍ ማንበብና መለካት ነው። በንድፉ ላይ 50 ± 0.1 ሚሊ ሜትር ተብሎ ከተጻፈ፣ ከ49.9 እስከ 50.1 ያለው ሁሉ ተቀባይነት አለው ማለት ነው። ሠልጣኙ አንዱን ብረት በካሊፐርና መቶኛ ሚሊ ሜትር በሚያነብ ማይክሮሜትር ደጋግሞ ይለካ፤ ውጤቱ በየጊዜው የሚለያይ ከሆነ ችግሩ ያለው በእጁ አጫጫን ነውና ንባቡ አንድ ዓይነት እስኪሆን ድረስ ይለማመድ።

ቀጥሎ የደኅንነት ሕግ ይመጣል። የዓይን መከላከያ መነጽር ይደረጋል፤ ቀለበት፣ ሰዓትና የተንዘረፈፈ እጅጌ ይወገዳሉ። ጓንት እጅን የሚጠብቅ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚዞር መቁረጫ ጓንቱን ከያዘው እጅንም አብሮ ስለሚስብ፣ ማሽኑ በሚዞርበት ጊዜ አይደረግም። ፍቅፋቂው የሚጠረገው ማሽኑ ከቆመ በኋላ በብሩሽ እንጂ በእጅ አይደለም።

ሦስተኛው እርምጃ የጠረጴዛውን እንቅስቃሴ መልመድ ነው። በቁም ሚሊንግ፣ ማለትም መቁረጫው ቀጥ ብሎ ወደ ታች በሚቆምበት ማሽን ላይ፣ ኤክስ የሚባለው አቅጣጫ ወደ ግራና ቀኝ፣ ዋይ ወደ ኦፕሬተሩ መቅረብና ከእርሱ መራቅ፣ ዜድ ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች ነው። በእጅ የሚሠሩ ማሽኖች ጠረጴዛቸውን የሚያንቀሳቅሰው መግፊያ ብሎን ትንሽ ልልነት ስላለው፣ መዘውሩ አቅጣጫ ሲቀይር ጠረጴዛው ወዲያው አይከተልም። ስለዚህ ከተፈለገው ቁጥር ያለፈ ሰው ልልነቱን እስኪያልፍ ድረስ ወደ ኋላ መልሶ፣ በመጀመሪያው አቅጣጫ እንደገና ወደ ቁጥሩ መድረስ አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ልምምድ እንግባ፤ ይኸውም ሻካራ ብረትን ስድስት ገጹ ቀጥ ያለ ብሎክ ማድረግ ነው። በእኔ አስተያየት ከዚህ የተሻለ አስተማሪ የለም። መጀመሪያ ብረቱን በሁለት መንጋጋ አጥብቆ የሚይዘው ሞርሳ ቋሚ መንጋጋ ከጠረጴዛው እንቅስቃሴ ጋር ትይዩ መሆኑ፣ ጥቃቅን ልዩነትን በመርፌ በሚያሳይ መለኪያ (ዳያል ኢንዲኬተር) ይረጋገጣል። ከዚያ ሰፊው ገጽ ይላግና ያው የተላገው ገጽ ከቋሚው መንጋጋ ጋር ተጣብቆ ይታሰራል፤ በተንቀሳቃሹ መንጋጋ በኩል ክብ ዘንግ ጣልቃ ይገባል። ምክንያቱም ተንቀሳቃሹ መንጋጋ ሲጠብቅ በትንሹ ይጋደላል፤ ዘንጉ ግን ግፊቱን በአንድ መስመር ላይ ስለሚያሳርፍ የተላገው ገጽ ከቋሚው መንጋጋ ጋር ሙሉ በሙሉ እንዲገጥም ያደርጋል። ሁለተኛው ገጽ በዚህ መንገድ ይላጋል፤ ሦስተኛውና አራተኛው ሲላጉ ቀደም ሲል የተላጉት ገጾች መሠረት ይሆናሉ፤ ሁለቱ ጫፎች መጨረሻ ላይ ይደረሳሉ። በየመሐሉ ስል ጠርዙ በሞረድ ካልተነሣ፣ የቀጣዩ አስተሳሰር ሁሉ ይዛባል።

መቁረጫው በደቂቃ ስንት ጊዜ መዞር እንዳለበት ለማወቅ የሚያስፈልገው ስሌት ቀላል ነው፦ የመቁረጥ ፍጥነት፣ ማለትም የመቁረጫው ጥርስ በደቂቃ የሚጓዘው ሜትር፣ በ1000 ተባዝቶ፣ በ3.14 እና በመቁረጫው ዲያሜትር ብዜት ይካፈላል። ለስላሳ ብረትን በ10 ሚሊ ሜትር የሃይ ስፒድ ስቲል (ሙቀትን የሚቋቋም ጠንካራ የመቁረጫ ብረት) መቁረጫ፣ በደቂቃ በ25 ሜትር ፍጥነት ለመላግ ወደ 800 ዙር በደቂቃ ይወጣል። መቁረጫው አራት ጥርስ ካለውና እያንዳንዱ ጥርስ 0.05 ሚሊ ሜትር ቢወስድ፣ ጠረጴዛው በደቂቃ 160 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። ልልነት ባለው ማሽን ላይ ብረቱ መሄድ ያለበት መቁረጫው በሚዞርበት አቅጣጫ ተቃራኒ ነው፤ አለበለዚያ መቁረጫው ጠረጴዛውን ወደ ራሱ ይስበዋል።

በኮምፒውተር ፕሮግራም ወደሚመራው ሲ ኤን ሲ ማሽን የሚሸጋገር ሠልጣኝ ይህን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። የሚጨመርበት የፕሮግራሙን ኮዶች ማንበብ፣ የሥራውን ዜሮ ነጥብና የመቁረጫውን ርዝመት ማስገባት ነው። አዲስ ፕሮግራም መጀመሪያ ከብረቱ በላይ በባዶ ይሞከራል፤ ቀጥሎም የመጀመሪያው ሥራ የፕሮግራሙ አንድ አንድ መስመር እየተፈቀደ፣ እጅ ከማቆሚያው ቁልፍ ሳይርቅ ይሠራል፤ ተለክቶ ከንድፉ ጋር ሳይመሳከርም ሁለተኛው ብረት አይታሰርም።