ክኒኑ ሠራ፣ ጉልበቴ ግን ከዳኝ፦ የስንፈተ ወሲብ መድኃኒትና ድካም

ፋርማሲ ውስጥ ስሠራ ይህን አቤቱታ ስንቴ እንደሰማሁ ቁጥሩ ጠፍቶኛል። ሁሌም በሹክሹክታ ነው የሚነገረኝ፤ "ማታ ጥሩ ነበር፣ ዛሬ ግን ሰውነቴ ዝሎ ዋለ።"

ከዋጥክ በኋላ ዛል ካለህ፣ ስትነሳ ካዞረህ

የደም ግፊትህ ወርዷል። ሲልደናፊልም ሆነ ታዳላፊል የተባሉት የስንፈተ ወሲብ ክኒኖች የደም ሥር ያሰፋሉ፤ የሚያሰፉት ደግሞ አንተ የፈለግከውን ቦታ ብቻ አይደለም። ራስ ምታቱም፣ የፊት መቅላቱም፣ የአፍንጫ መታፈኑም ከዚሁ የመጣ ነው። አልኮልም በበኩሉ የደም ሥር ያሰፋል።

ደጋግሜ የማየው ይህን ነው። አንድ ጎልማሳ "መድኃኒታችሁ ያደክማል" እያለ ሦስት ጊዜ ተመላለሰብኝ። በሦስተኛው "እስቲ የወሰድከውን አሳየኝ" አልኩት። ከኪሱ በመቀስ የተቆረጠ የማሸጊያ ቁራጭ አወጣ። የሚያበቃበት ቀን የተጻፈበት ጠርዝ የለም። የቀረችው አንዷ ፍሬ ባለ 100 ሚሊግራም ሲልደናፊል ናት። ሐኪሙ ያዘዘለት 50 ነበር።

"ጓደኛዬ ነው የሰጠኝ፤ የሚሠራው ይሄኛው ነው አለኝ።"

"መጠጥስ?"

"ብዙም አይደለም።"

"ብዙም አይደለም ስንት ነው?"

ጣሪያውን አየና "ስድስት ቢራ" አለ።

ይሄ ሰውዬ ጠዋት ከአልጋው መነሳቱም ተመስገን ነው! ወደ 50 ተመለሰ፣ ክኒን በሚወስድበት ቀን መጠጡን ተወ፣ ድካሙም ለቀቀው። ከ65 ዓመት በላይ ከሆንክ፣ ወይም ጉበትህ ወይም ኩላሊትህ ችግር ካለበት፣ ሲልደናፊል ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በ25 ሚሊግራም ነው። እባካችሁ የጓደኛ ክኒን አትዋጡ።

በማግስቱ ወገብህንና ጡንቻህን ከቆረጠመህ

ታዳላፊል ነው። ሕመሙ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይመጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ በ48 ሰዓት ውስጥ ይሄዳል። ካስቸገረህ መጠኑን እንዲቀንስ ወይም ቶሎ ከሰውነት ወደሚወጣው ሲልደናፊል እንዲቀይርልህ ሐኪምህን ጠይቅ።

ሌላ መድኃኒት ከጀመርክ ወዲህ ከሆነ

ለፕሮስቴት የሚሰጠው ታምሱሎሲንና የግፊት መድኃኒቶች ግፊቱን ይበልጥ ሊያወርዱት ይችላሉ። ክላሪትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክና ኬቶኮናዞል የተባለው የፈንገስ መድኃኒት ክኒኑን ደም ውስጥ ያከማቹታል። ለልብ የሚወሰድ ናይትሬት ካለ ግን ጨዋታው አበቃ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ይገድላሉ። ክኒኑን ወስደህ ደረትህን ካመመህ፣ ከምላስ ሥር የሚደረግ ናይትሬት ሳይሰጡህ በፊት ምን እንደዋጥክ ተናገር። እፍረቱን ሌላ ቀን ታፍራለህ።

"ተፈጥሯዊ" ነው የተባለ ዱቄት ከሆነ

ጣለው። በእንዲህ ያሉ ነገሮች ውስጥ ተደብቆ የገባ ሲልደናፊል በተደጋጋሚ ተገኝቷል፤ ምን ያህል እንዳለበት ሻጩም አያውቅ።

ክኒን ባልወሰድክበት ቀንም ከደከመህ

እንግዲያው ክኒኑን አትክሰሰው። ስኳር፣ የቴስቶስቴሮን (የወንዶች ሆርሞን) ማነስ፣ ድብርት፣ በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ መቆራረጥ፤ እነዚህ ሁሉ ስንፈተ ወሲብንም ድካምንም ያመጣሉ። አንድ አዛውንት ስለ ድካሙ እያወሩኝ ሁለት ጊዜ ውሃ ለመኑኝ። ሌሊት ለሽንት ስንቴ እንደሚነሱ ጠየቅኳቸው። "አምስቴ" አሉኝ። በዚያው ሳምንት ሲመረመሩ ስኳር ተገኘባቸው። የስኳር ምርመራውን በባዶ ሆድ፣ የቴስቶስቴሮኑን ደግሞ በጠዋት አሠራ፤ ከሰዓት በኋላ የሆርሞኑ መጠን ስለሚወርድ ውጤቱ ያሳስታል።