ጣና ላይ ጀልባ ስትሳፈሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ሄዶ ጀልባ ሳይሳፈር የሚመለስ ጥቂት ነው። ብዙው ሰው ወደ ዘጌ ይሄዳል። ጊዜ ያለው ደሴት ላይ እስካሉት ገዳማት፣ እስከ ናርጋ ሥላሴና ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ይዘልቃል። ሐይቁ ግን የጎብኚ ብቻ አይደለም። ዓሣ አስጋሪውም፣ ታንኳ ቀዛፊውም፣ ገዳማቱም፣ የመብራት ኃይል ማመንጫውም፣ ዳር ዳሩን የሚያርሰው ገበሬም የሚጠቀሙት በዚያው ውኃ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ብዙዎቹ ይህን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

ከሰዓት በኋላ መውጣት

ከሁሉም የሚብሰው ይኼ ነው። ቁርስ ይበላል፣ ቡና ይጠጣል፣ ዘመድ ይጠበቃል፣ ከዚያ ረፋዱ አልቆ ጉዞ ይጀመራል። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል። ነፋሱ የሚበረታው አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው። ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ ግን 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ነፋስ ያን ሁሉ ርቀት ሳይከለከል ሲመጣና ውኃው ጥልቀት ሲያጣ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። አንዱን ሳትሻገሩ ሌላው ይደርሳል። ትንሽ ጀልባ ውስጥ ውኃ የሚያስገባው ይህ ዓይነቱ ሞገድ ነው።

ስለዚህ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነሡ፤ ቀትር ሳያልፍ መመለስ ጀምሩ። ሩቅ ደሴት ካሰባችሁ ቀኑን ሙሉ ለእሱ ስጡ እንጂ ከሌላ ፕሮግራም ጋር አታጣብቡት። ክረምት ላይ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። የናርጋ ሥላሴ ክብረ በዓል አንዱ ሐምሌ 7 ነው፤ ዝናብና ነጎድጓድ በሚበረታበት ወቅት ማለት ነው። ጀልባ ነጂው ሰማዩን አይቶ «ዛሬ አይሆንም» ካለ «ትንሽ እንጨምርልህና ውሰደን» አትበሉት። ገንዘብ ሞገድ አያቆምም፤ እሱን ግን ሊያሳስተው ይችላል።

ላይፍ ጃኬቱን መቀመጫ ሥር መተው

«ዋና እችላለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። ሐይቅ መሐል ልብስና ጫማ ለብሶ መውደቅና ገንዳ ውስጥ መዋኘት ግን ይለያያል። ጃኬቱን ገና ወደቡ ላይ እያላችሁ ተቀበሉና እዩት። ውስጡ ያለውን ስፖንጅ በጣት ጫን አድርጉት። ቢፈረፍር ወይም ተጨምቆ ቢቀር ሌላ ጠይቁ። መቆለፊያው «ቀጭ» ብሎ መግባት አለበት። ማሰሪያው ተበጥሶ በገመድ የተቋጠረ ከሆነ አትቀበሉት። ከለበሳችሁ በኋላ አጠገባችሁ ያለው ሰው ጃኬቱን ከትከሻችሁ ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። እስከ ጆሯችሁ ከወጣ ልክ አይደለም፤ ውኃ ውስጥም እንዲሁ ሾልኮ ይወጣል። ለልጅ የልጅ ልክ ያስፈልጋል። የአዋቂ ጃኬት ልጅ ላይ አጥብቆ ማሰር መፍትሔ አይሆንም።

አንድ ነገር ልጨምር። የጠዋቱ ብርድ ብዙ ሰው ጋቢ ያስለብሳል። ጋቢ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ክንድም ያስራል። ብርዱን በሹራብ ቻሉት፣ ጃኬቱን ከላይ ልበሱ፣ ጋቢውን ስትወርዱ ትለብሱታላችሁ።

«አንድ ሰው ምን ያመጣል?»

የካቲት 16፣ ዘጌ ያለችው የዑራ ኪዳነ ምሕረት ንግሥ ዕለት፣ ወደብ ላይ ሰው ይጋፋል። ሁሉም ቶሎ መድረስ ይፈልጋል። ልክ የሞላ ጀልባ ላይ አንድ ሰው ሲጨመር ጠርዙ ወደ ውኃው ይቀርባል፤ ሞገድ ሲመጣ ወደ ውስጥ ለመግባት ጥቂት ይበቃዋል። ቀጣዩን ጠብቁ። ፎቶ ለመነሣት ሁላችሁም በአንድ ወገን መቆምም ያው ጣጣ ነው።

ውኃው ሁልጊዜ እኩል ነው ብሎ ማሰብ

ጣና በዓመት ውስጥ ይወጣል፣ ይወርዳል። ክረምቱ ሲያበቃ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ከፍ ይላል። ሰኔ አካባቢ ደግሞ ዝቅ ይላል። ልዩነቱ በአማካይ ከአንድ ሜትር ተኩል አያንስም። ጥቅምት ላይ በላዩ ያለፋችሁት ድንጋይ ግንቦት ላይ የሞተራችሁን ፕሮፔለር ሊሰብር ይችላል። ወደቡ ላይ ያለው መውረጃም ከፍ ይልባችኋል። በበጋ መጨረሻ የምትሄዱ ከሆነ ነጂው ዳር ዳሩን አቋርጦ እንዲሄድ አትገፋፉት፤ መንገዱን የሚያረዝመው ለምክንያት ነው።

የከፍታው ጉዳይ በዝናብ ብቻ የሚወሰንም አይደለም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ የጨራጨራ ግድብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 ተሠራ፤ በ2001 በሮቹ ተጨምረው ሰባት ሆኑ። ለጢስ ዓባይ ማመንጫዎች የሚለቀቀውን ውኃ የሚቆጣጠረው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ደግሞ በምዕራብ በኩል 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ከሐይቁ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2003 ድርቁና ለኃይል ማመንጫ የሚለቀቀው ውኃ ተደራርበው ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,785 ሜትር በታች ወረደ። የመርከብ ጉዞ ለአራት ወር ያህል ተቋረጠ። ዳሩ ሲደርቅ መሬቱ ታረሰ፣ ደንገሉም ተጎዳ። ደንገል ከሌለ ደግሞ ታንኳ የለም።

ለዚህ ነው የውኃውን ከፍታ የመብራት ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማየት ትልቅ ስህተት ነው የምለው። በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ኑሮው የሚነካው ሰው ብዙ ነው። የሐይቁ ከፍታ በየሳምንቱ በየወደቡ ቢለጠፍ ጀልባ ነጂውም፣ አስጋሪውም፣ ደብሩም ተጠንቅቆ ይውል ነበር። ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም።

ታንኳ አጠገብ በሙሉ ፍጥነት ማለፍ

የደንገል ታንኳ ከውኃው ብዙም ከፍ አይልም። ቀዛፊው እላዩ ላይ ተቀምጦ ዓሣ ወይም ማገዶ ይዞ ይሄዳል። ሞተር ጀልባ በአጠገቡ ሲፈተለክ የሚተወው ሞገድ ጭነቱንም ሰውየውንም ያርሳል፣ ሊገለብጠውም ይችላል። ነጂው ካልቀነሰ «ቀስ በልለት» በሉት። የተዘረጋ መረብ ካያችሁም ዞራችሁ እለፉ። መረቡ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ነው።

የቀሩት

ዓባይ መውጫው ላይ ጉማሬ ለማየት ስትሄዱ አትጠጉ፤ ግልገል ካለ ጨርሶ ራቁ። በጉማሬውና በጥልቁ ውኃ መሐል መግባት ከሁሉም የከፋ ነው። እምቦጭ በተንሰራፋበት ዳር ደግሞ በሞተር አትግቡ፣ ፕሮፔለሩን ይተበትበዋል። ከመነሣታችሁ በፊት የት እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለአንድ ሰው ንገሩ፤ የጀልባ ነጂውንም ስልክ ስጡት። ሰዓቱ ካለፈ መጀመሪያ ለነጂው፣ ካላነሣ ወደብ ላለው የጀልባ ማኅበር ይደውል።