በሲያናይድ አልሟሟ ላለ የቴሉራይድ ወርቅ የሠራው መንገድ

ምልክቱ፦ በፒኤች (የአልካላይነት መለኪያ) 10.5 ለ24 ሰዓት በተደረገ የጠርሙስ ሙከራ (የተፈጨ ማዕድን ከሲያናይድ ውሃ ጋር በሚንከባለል ጠርሙስ) የወጣው ወርቅ ከግማሽ ብዙም አላለፈም። ነፃ ሲያናይድ ግን እስከ መጨረሻው በቂ ነበር።

ሲያናይድ መጨመር ምንም አልለወጠም። ድንጋዩ ውስጥ ያለ ካርቦን ወርቁን መልሶ እየሳበ እንደሆነ ለማየት የነቃ ከሰል ገባበት፤ ውጤቱ ያው። ጊዜ ማራዘም ጥቂት ረዳ፤ ፍንጩም ይኸው ነበር፣ የሚሟሟ ነገር አለ፣ ግን በጣም ቀርፋፋ ነው። የተወለወለ ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲታይ ፒራይት (የብረትና የሰልፈር ማዕድን) ውስጥ የተቀበረ ካላቬራይት ወጣ፤ ይህም የወርቅና የቴሉሪየም ውሁድ፣ ማለትም ቴሉራይድ ነው። ይህ ማዕድን ሲሟሟ ገጹን የቴሉሪየም ኦክሳይድ ይሸፍነዋል፤ ሽፋኑን የሚያነሳው ጠንካራ አልካላይ ነው።

የሠራው እንዲህ ነው። ነፃውን ወርቅ አስቀድሞ በግራቪቲ (በክብደቱ ለይቶ) ማውጣት፤ በኖራ ፒኤች 12 ሲያልፍ ነፃ ወርቅ ራሱ ይዘገያልና። ኮንሰንትሬቱን (ከድንጋዩ ተለይቶ የተሰበሰበውን ማዕድን) 80 በመቶው ከ25 ማይክሮን በታች እስኪሆን መፍጨት። ፒኤችን በኖራ ከ12 በላይ አድርሶ፣ በቶን 200 ግራም ሊድ ናይትሬት (የእርሳስ ጨው) ጨምሮ፣ ኦክስጅን እየነፉ ሌሊቱን ማቆየት። ሲያናይድ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፣ ለ72 ሰዓት። የቅሪቱ ወርቅ ያኔ ወረደ።

ኦክስጅኑን በሃይፖክሎራይት መተካት ይቻላል፤ ፈጣንም ነው። ነገር ግን የተረፈው ክሎሪን ሳይጠፋ ሲያናይድ ከገባ መርዛማው ሲያኖጅን ክሎራይድ ይፈጠራል።

የፋየር አሴይ (ናሙናን በእሳት አቅልጦ ወርቁን የመለካት ዘዴ) ቁጥርንም ዝም ብሎ ማመን አይገባም። ቴሉሪየም ወርቁን የያዘውን የቀለጠ እርሳስ ኩፔሉ (እርሳሱን የሚመጥ ትንሽ ሳህን) ላይ ስለሚበትነው ወርቅ ይጠፋል። ናሙናውን ከ30 ወደ 10 ግራም አውርዶ ሊታርጅ (የእርሳስ ኦክሳይድ) ማብዛት ያስተካክለዋል።