ቆሎ የተጠቀለለበት መታወቂያ፦ ወረቀታችንንና ቁጥራችንን እንዴት እንያዝ?

ባለፈው ዐቢይ ጾም ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ስመለስ መንገድ ላይ ቆሎ ገዛሁ። ጨርሼ ወረቀቱን ልጥለው ስል ፎቶ አየሁበት። ዘርግቼ ሳየው የአንዲት ሴት መታወቂያ ኮፒ ነው። ስሟ ከነአያቷ፣ የተወለደችበት ቀን፣ የቤት ቁጥሯ፣ አደጋ ቢደርስባት የሚጠራው ሰው ስልክ፣ ሁሉም ይነበባል። ቆሎ ሻጯን ወረቀቱን ከየት እንዳመጣችው ጠየቅኋት። «በኪሎ ነው የምንገዛው፣ እታለም» አለችኝ። በእሷ ምንም አልፈርድም።

ባሕር ዳር ላይ የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሑፍ ሥራ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። በየቀኑ የስንቱ ሰው መታወቂያ በእጄ ያልፋል። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ ነሳኝ። ያ ወረቀት ከእኔ ማሽን የወጣ ቢሆንስ? ከዚያ ወዲህ ደንበኞቼን አንድ በአንድ መምከር ጀመርኩ። ለእነሱ የምነግራቸውን ነው እዚህ የምጽፈው።

ሰው ስለ መታወቂያ ሲያወራ የምሰማው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «የምደብቀው ምን አለኝና» ይላል። ሌላው ፋይዳን፣ አዲሱን ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ፣ ይፈራል። «ዓይኔን ፎቶ አንስተው ምን ሊያደርጉት ነው?» ይላል። ሁለቱም ግን የተበላሸ ኮፒያቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ትተውት ይሄዳሉ። የፋይዳን ማሽን የምንፈራውን ያህል ወረቀቱን አንፈራም። ለእኔ ትልቁ ቀዳዳ ወረቀቱ ነው። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ኮፒ ስታስደርጉ ማሽኑ አጠገብ ቁሙ። ኦርጅናሉ መስታወቱ ላይ እንዳይቀር እዩ፤ በሳምንት አንድ ሁለቴ የሚረሳ አለ። ጠቁሮ ወይም ተጣሞ የወጣውን ወረቀት «ስጪኝ» በሉና ውሰዱት። የእናንተ ነው፤ ማንም ቅር አይለውም።

ከዚያ እስክሪብቶ አውጡ። ኮፒው ላይ በሰያፍ ለምን እንደተሰጠና ቀኑን ጻፉበት። «ለቤት ኪራይ ውል ብቻ፣ ሚያዝያ 12» ዓይነት። ስሙና ፊቱ ይታይ እንጂ መሃሉን ብታቋርጡት ምንም አይደለም። አንዳንድ ቢሮ የተጻፈበት አልቀበልም ይላል። ያኔ ከዳር በኩል በትንሹ ጻፉት። ይህች አንድ መስመር ትልቅ ሥራ ትሠራለች። ለቤት ኪራይ የተሰጠ ወረቀት ሌላ ቦታ ሲቀርብ አንባቢው ቆም ብሎ ይጠይቃል።

ይህን ከራሴ ነው የተማርኩት። ሱቅ ስፈልግ አንድ ደላላ «ቤቱን ከማሳየቴ በፊት የመታወቂያሽን ፎቶ በቴሌግራም ላኪልኝ» አለኝ። ላክሁለት። ቤቱም ሳይሆን ቀረ። ከሦስት ወር በኋላ የማላውቀው ሰው ደውሎ በሙሉ ስሜ ጠራኝና ስለ አንድ ብድር ጠየቀኝ። ዋስ ተብዬ ተጽፌያለሁ። ፊርማው የእኔ አልነበረምና ነገሩ በዚያው ቆመ። እስኪጣራ ግን ስንት ቀን ሱቄን ዘግቼ ተመላለስኩ። አሁን ውል ለመፈረም ካልተቀመጥኩ በስተቀር መታወቂያዬን ለማንም አልልክም። እናንተም አትላኩ። ቤት ለማየት መታወቂያ አያስፈልግም።

ስካን ሲሆን ደግሞ ፋይሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይቀራል። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። ኢሜይል ተደርጎላችሁ ወይም በፍላሽ ወስዳችሁ ስትጨርሱ «አጥፊልኝ» በሉ። ሲጠፋም እዩ። ሪሳይክል ቢን ውስጥ ገብቶ ከተቀመጠ አልጠፋም፤ ከዚያም ይውጣ። ፎቶውን በቴሌግራም ልካችሁልን ከሆነ ከእናንተ ስልክ ብቻ ሳይሆን ከሁለቱም ወገን ሰርዙት። ቴሌግራም ያን ይፈቅዳል። በካፌ ኮምፒውተር ኢሜይላችሁን ከፍታችሁ ከነበረ ዘግታችሁ ውጡ። እኔ ማታ ከመዝጋቴ በፊት የቀኑን ስካን በሙሉ አጠፋለሁ። ሁሉም ሱቅ እንዲህ ያደርጋል ብዬ ግን አልምልላችሁም። ስለዚህ ጠይቁ።

ወደ ፋይዳ ልምጣ። አክስቴ ዘጌ ነው የምትኖረው። ቡናዋን ይዛ በጀልባ ትመጣለች። ባንክ ፋይዳ ሲጠይቃት ተጨነቀች። ቁጥሩን ከራእይ ዮሐንስ ጋር የሚያያይዙ ሰዎች አሉ፤ እሷም ሰምታለች። እኔ አልሳቅሁባትም። ሰው ለነፍሱ መፍራቱ የሚያስከብረው ነገር ነው። ምን እንደሚወሰድና ምን እንደማይወሰድ ቁጭ ብዬ አስረዳኋት።

የሚጠየቀው ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ጾታ፣ ዜግነትና አድራሻ ነው። ስልክና ኢሜይል ይጨመራል። ፊት ፎቶ ይነሳል፣ የአሥሩም ጣት አሻራ ይወሰዳል፣ የሁለቱም ዓይን ብሌን ምስል ይነሳል። ዓይን ላይ የሚደረገው ፎቶ ማንሳት ብቻ ነው፤ ከዓይን የሚወጣ ነገር የለም። ሃይማኖት አይጠየቅም። ብሔርም አይጠየቅም። በድሮው የቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር የሚል ቦታ የነበረበት ዘመን እንዳለ የሚያስታውስ ሰው ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ ይገባዋል። አክስቴ ለንስሐ አባቷ ነግራ፣ ሁለት ሳምንት አስባበት፣ በራሷ እግር ሄደች። ማሰቢያ ጊዜ መውሰድ መብቷ ነው። ከቤተሰብ የሚያጣድፍ ሰው አይኑር።

ምዝገባው በነጻ ነው። «አስመዘግብላችኋለሁ» ብሎ ብር የሚጠይቅ ሰው ካለ እለፉት። ካርዱን ማሳተም ግን ለብቻው ይከፈልበታል። ወረቀት የሌለው ሰው ደግሞ በሚያውቀው ምስክር መመዝገብ ይችላል፤ ይህን የገጠር ዘመዶቻችሁ ብዙ ጊዜ አይሰሙትም፣ ንገሯቸው።

ከመሄዳችሁ በፊት ስማችሁን ወረቀት ላይ ጻፉ። በአማርኛም በላቲን ፊደልም። የባንክ ደብተራችሁና የትምህርት ማስረጃችሁ ላይ እንዳለው ይሁን። አንድ ፊደል ስትለያይ ሰው ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ በየቀኑ አያለሁ። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። በእኛ አቆጣጠርና በፈረንጆቹ መካከል ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ልዩነት አለ። መዝጋቢው የትኛውን እየጻፈ እንደሆነ ጠይቁት። መረጃው ሳይላክ በፊት ስክሪኑን አሳዩኝ በሉና ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ከኋላ ሰልፍ ቢኖርም አትቸኩሉ።

ዓሣ አጥማጆችና ሸማኔዎች አሻራቸው ይሟጠጣል። መረብና ገመድ ይበላዋል። ከቀኑ በፊት ማታ እጃችሁን ታጥባችሁ ቫዝሊን ተቀቡ፣ ጠዋት ደግሞ ታጠቡና ሂዱ። አንድ ጣት እንቢ ቢል አትደንግጡ። ዓይንና ፊት የሚነሳው ለዚህም ጭምር ነው።

አሁን ትልቁ ነገር፣ ስልኩ። አክስቴ ስልክ ስላልነበራት የጀልባውን ልጅ ቁጥር ሰጠች። ልጁ ጨዋ ነው፤ መልእክቱ ሲደርሰው ወዲያው አመጣላት። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የማረጋገጫ ቁጥር በተላከ ቁጥር የሚደርሰው እሱ ጋ ነው። ነገ ሲሙን ቢሸጠውስ? ስልኩ ጣና ውስጥ ቢወድቅስ? በስሟ ሲም አወጣን። ተመልሰን መመዝገቢያው ሄደን ቁጥሯን አስቀየርን። እናንተ ከመጀመሪያው የራሳችሁን፣ በስማችሁ የወጣውን ቁጥር ስጡ። የጎረቤት ልጅ፣ የደላላ፣ የመዝጋቢው ስልክ አይሁን።

ፋይዳ ሁለት ቁጥር እንዳለው ልብ በሉ። አንዱ 12 አሃዝ ነው። እሱ ዋናው ነው፣ ዕድሜ ልክ አብሯችሁ ይኖራል። ሌላው 16 አሃዝ ነው። እሱ በዋናው ፈንታ የሚሰጥ ተለዋጭ ቁጥር ነው፤ ሊቀየርም ይችላል። አገልግሎት የሚሰጥ አካል ቁጥር ሲጠይቃችሁ ባለ 16ቱን ስጡ። ባለ 12ቱን በስልክ ሽፋን ውስጥ፣ በደብተር ጀርባ፣ በፌስቡክ ፎቶ ላይ አታስቀምጡ። ካርዱ ሲደርሳቸው ደስ ብሏቸው ፎቶ አንስተው የሚለጥፉ ወጣቶች አሉ። እባካችሁ የለጠፋችሁትን አጥፉት።

በስልክ የሚመጣላችሁን የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አትንገሩ። «ከባንክ ነው የምደውለው» የሚል ሰውም ቢሆን። ስልኩን ዝጉና ራሳችሁ ባንኩ ሂዱ።

መታወቂያ ማስያዝም አለ። ብስክሌት ስትከራዩ ወይም አንድ ሕንጻ ስትገቡ «መታወቂያህን አስይዝ» ይባላል። ባሕር ዳር ላይ ይህ የተለመደ ነው። እኔ የምለው፣ አሳዩ፣ ስማችሁን ይመዝግቡ፣ ካርዱን መልሳችሁ ያዙ። ካልሆነ ለብስክሌቱ ብር አስይዙ። ኦርጅናል መታወቂያ ለመያዣ የሚሆን ዕቃ አይደለም።

ለምን እንደዚህ በድፍረት ትናገሪያለሽ የሚለኝ ሰው አለ። ሕግ ስላለ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መብትን ያስከብራል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጁ ቁጥር 1284/2015 ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ደግሞ ቁጥር 1321/2016 አለ። መረጃ ለተወሰነ ዓላማ ብቻ እንዲሰበሰብ ያዛል። ስለ ራሳችሁ ምን እንደተያዘ መጠየቅ፣ የተሳሳተውን ማሳረም፣ የማያስፈልገውን ማስሰረዝ መብታችሁ ነው። የሚቆጣጠረውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ይህን ስትጠቀሙ በትሕትና ይሁን። መስኮቱ ኋላ የተቀመጠችው ልጅ ሕጉን አላወጣችውም። «እህቴ፣ ይህ ኮፒ ለምን ይፈለጋል? የት ይቀመጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ «ልማድ ስለሆነ ነው» የሚል መልስ ይመጣል። «እንግዲያው አይተሽ ብትመልሺልኝስ?» በሉ። ስንቴ እሺ ብለውኛል። እንቢ ሲሉም መስመሯን ጽፌበት እሰጣለሁ።

መታወቂያ ከጠፋ አትዘግዩ። በመጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ አመልክታችሁ ማስረጃ ወረቀት ያዙ። ቀኑ ዋጋ አለው፤ ከዚያ በኋላ በስማችሁ የሚደረገውን ነገር «በዚህ ቀን ጠፍቶብኛል» ብላችሁ የምትከራከሩበት ነው። ከዚያ ቀበሌ፣ ከዚያ ባንክ። ሲሙ አብሮ ከጠፋ ከሁሉም በፊት ሲሙን አዘጉ።

ቤት ውስጥ ያረጀ ኮፒ ካለ ለልጆች መጫወቻ ወይም ለዕቃ መጠቅለያ አትስጡ። ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ፍቁት ወይም አቃጥሉት። እኔ ሱቄ ውስጥ ከማሽኑ ሥር ካርቶን አስቀምጫለሁ። የተበላሸ ኮፒ ሁሉ እዚያ ይገባል። አሥር ሰዓት ላይ ጎረቤቴ የቡናውን ከሰል ስታቀጣጥል ካርቶኑን ይዤላት እሄዳለሁ። ኮፒያችሁን ሳትወስዱ ከሄዳችሁ ያለው እዚያ ነው፤ ከአሥር ሰዓት በፊት ተመለሱ።