ማይቶኮንድሪያን ማወክ የትልን ዕድሜ ማስረዘሙን እንዴት መፈተሽ ይቻላል?

ማይቶኮንድሪያ የተባለው የሕዋሱ ኃይል ማመንጫ በመጠኑ የታወከበት እንስሳ ከጤነኛው ይልቅ ብዙ መኖሩ ግራ የሚያጋባ ቢሆንም፣ ሴኖራብዳይቲስ ኤለጋንስ በተባለው፣ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ በሚረዝመውና በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት በሚኖረው ትል ላይ በተደጋጋሚ ታይቷል። ሙከራውን ለመሥራት ካሰቡ አስቀድመው የሚወስኑት ጂኑ የሚዳከምበትን ጊዜ ነው፤ ተመራማሪው አንድሪው ዲሊንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 እንዳሳዩት፣ የማይቶኮንድሪያ ጂኖች በእጭነት ዘመን ሲዳከሙ ዕድሜ ይረዝማል፤ ትሉ ካደገ በኋላ ሲዳከሙ ግን አይረዝምም።

ስለዚህ ሦስት ምድብ ያዘጋጁ፦ ሲሲኦ-1 የተባለው የማይቶኮንድሪያ ጂን ከእንቁላል ጀምሮ የሚዳከምበት፣ ከጉልምስና በኋላ የሚዳከምበት፣ ጨርሶ የማይዳከምበት ማነጻጸሪያ። ማዳከሚያው ምግቡ ነው፤ ትሉ ሲበላው ጂኑን የሚያዳክመውን ድርብ አርኤንኤ የሚያመርት ኤችቲ115 የተባለ ባክቴሪያ በአጋር ሳህን ላይ ይዘራል፣ ማነጻጸሪያዎቹም ያንኑ ባክቴሪያ፣ ነገር ግን ባዶ ፕላዝሚድ (የጂኑ ቅጂ የሌለበት የዲኤንኤ ቀለበት) የያዘውን ይመገባሉ። እኩያ ትሎችን ለማግኘት እንቁላል ያዘሉትን እናቶች በበረኪናና በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውህድ ያሟሟቸው፤ እንቁላሉን ቅርፊቱ ያተርፈዋል፣ ቢሆንም አካሉ እንደሟሟ ወዲያው ማጠብ ያስፈልጋል።

ሲሲኦ-1 የተዳከመባቸው ትሎች ትንንሽ ከመሆናቸውም በላይ ዘግይተው ያድጋሉ። በመሆኑም የጉልምስናን የመጀመሪያ ቀን በቀን መቁጠሪያ ከቆጠሩ ገና እጭ የሆነውን ከጎልማሳ ጋር ያነጻጽራሉ፤ መለያው የአካሉ ደረጃ ይሁን። እጮቹ እድገታቸው ጨርሶ ከቆመ ማዳከሚያውን ባክቴሪያ ከባዶው ጋር ቀላቅለው ያለዝቡት።

የማይቶኮንድሪያው ጭንቀት ምልክት መተላለፉን ለማየት፣ ኤችኤስፒ-6 የተባለው የመከላከያ ጂን ሲነቃ አረንጓዴ የሚያበራ የትል ዝርያ ይጠቀሙ። በደህናው ጊዜ ኤቲኤፍኤስ-1 የተባለው ፕሮቲን ወደ ማይቶኮንድሪያ ገብቶ ይፈርሳል፤ መግቢያው ሲታወክ ግን ወደ ኒውክለስ ሄዶ የመከላከያ ጂኖችን ያስነሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 የዲሊን ቡድን ሲሲኦ-1ን በነርቭ ሕዋሳት ብቻ ሲያዳክም አንጀቱ ምላሽ ሰጥቷል፣ ዕድሜም ረዝሟል፤ የአንዱ አካል ጭንቀት ለሌላው መድረሱ፣ በእኔ ግምት፣ የዚህ ጉዳይ እጅግ ማራኪው ክፍል ነው። ሆኖም የሚያበራ ትል ሁሉ ብዙ አይኖርም፤ ኤቲኤፍኤስ-1ን ሁልጊዜ ንቁ ማድረግ ብቻውን ዕድሜ እንደማያስረዝም እ.ኤ.አ. በ2014 ታይቷል። ብርሃኑን አይተው ቆጠራውን አይተዉ።

ለቆጠራው በየምድቡ 100 ያህል ትሎች ይያዙ፤ የትኛው ሳህን የየትኛው ምድብ እንደሆነ ቆጣሪው ባያውቅ ይመረጣል። በየሁለት ቀኑ በፕላቲነም ሽቦ ነካ አድርገው የማይንቀሳቀሰውን ሞተ ብለው ይመዝግቡ። በሳህኑ ግድግዳ ላይ ወጥቶ የደረቀው፣ እንቁላሉ በሆዱ ውስጥ የተፈለፈለበትም፣ እስከዚያ ቀን መኖሩ ብቻ ተመዝግቦ ከሞቱት ተለይቶ ይቆጠራል። ልጆቹ ከወላጆቹ እንዳይደባለቁ በመራቢያ ቀናት ወላጆቹን ወደ አዲስ ሳህን ያዛውሩ፤ መራባትን የሚያቆም ኤፍዩዲአር የተባለ መድኃኒት ቢኖርም በአንዳንድ ዝርያዎች ዕድሜን ራሱ ስለሚለውጥ፣ አድካሚ ቢሆንም በእጅ ማዛወሩ ይሻላል።